ነጭ ቀሚስና እስክስታ፦ በደሴ መድረክ ላይ ፎቶ ለማንሳት
የወሎ ጭፈራ ካሜራን የሚፈትነው በሁለት ነገር ነው፤ በሚፈጥን ትከሻና በነጭ ልብስ። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ የአዳራሹን ጨለማ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ቀሚሱም ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ስለዚህ ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉን ራሳችሁ የምትወስኑበት) ላይ አድርጉና ልምምድ ሲጀመር ግቡ። መነሻችሁ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2.8፣ የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት 1/500 ሰከንድ፣ የብርሃን ንቃቱ ደግሞ አይኤስኦ 3200 ይሁን። አንድ አንስታችሁ ስክሪኑን እዩ፤ ነጩ ላይ ብርሃን በዛ የሚለው ማስጠንቀቂያ ብልጭ ብልጭ ካለ አይኤስኦውን እስኪጠፋ ድረስ ቀንሱት። ፊት ትንሽ ቢጠቁም አያስጨንቅ፤ በሮው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሳችሁ በኋላ ይፈካል። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

እስክስታ ላይ ትከሻው ሲሄድ ሳይሆን ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ያቺን ቅጽበት የምትነግራችሁ ከበሮዋ ናት፤ ምቱን ጥቂት ስሙና ከሱ ጋር ተጫኑ። ማሲንቆ መቺ ላይ ግን 1/160 ይበቃል። ደጋኑ ቢደበዝዝ እንዲያውም ያምራል፤ ሁሉም ነገር ድርቅ ካለ የመታወቂያ ፎቶ ነው የሚሆነው።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከተጋደሙ ጥፋቱ የኤልኢዲ መብራቱ ነው። ብዙዎቹ ሲደበዝዙ ቶሎ ቶሎ እየበሩና እየጠፉ ነው የሚደበዝዙት፤ ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ደግሞ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ያንን ይይዘዋል። ወደ ሜካኒካል ሹተር ቀይሩ። አሁንም ካልጠፋ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነና ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዋዥቅ 1/100ን ሞክሩ፤ ይህ ግን ረጋ ላለ ትዝታ እንጂ ለእስክስታ አይሆንም። ሐምራዊና ሰማያዊ መብራት ፊት ላይ ሲያርፍ የቆዳው ቀለም ስለማይገኝ፣ ነጩ እስኪመለስ ጠብቁ ወይም ጥቁርና ነጭ አድርጉት።

ፍላሽ አታብሩ። ተወዛዋዡን ያሳውራል፣ የመድረኩንም መብራት ይገድላል።

ዘፋኝ ፊት ለፊት ከቆማችሁ ማይኩ አፉን ይሸፍነዋል፤ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ።

በደሴ ብርድ ውላችሁ ሰው ወደሞላበት አዳራሽ ስትገቡ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። አትጥረጉት፤ ወዲያው ይመለሳል። ካሜራውን እንደተዘጋ ከነቦርሳው 20 ወይም 30 ደቂቃ አቆዩት። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለምትል ይህ ጣጣ ያንሳል።