ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ትንሽ ሞተር ሳይክል በጠባብ በጀት እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክሌን የገዛሁት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሙሉ አራግፌ ነው። ቤት ካደረስኩት በኋላ በእርጋታ ሳየው የኋላ ጎማው ጥርሱ አልቋል፣ ካቴናውም ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። ሁለቱን ለመቀየር የቀረኝ ገንዘብ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ሸራ ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እኔም በየማለዳው በአጠገቡ እያለፍኩ በእግሬ ወደ ሥራ ሄድኩ። «አስቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለወዳጆቼም ደጋግሜ መርጫለሁ። የሚከተለው ቅደም ተከተል የተገኘው ከዚያ ልምድ ነው።

እዚህ የምናወራው ዱአል ስፖርት ስለሚባለው ዓይነት ነው። መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወትና የሰሌዳ ቦታ ስላለው በአስፋልት ላይ በሕግ ይነዳል፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ሞላው ረጅም ስለሆነ ደግሞ ጥርጊያና ኮረኮንች መንገድ አያስፈራውም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ባለ 250 ሲሲው ዲቲ 1 ይህን ዓይነት በሰፊው ያስተዋወቀ ሞተር ሳይክል ነበር። በጠባብ በጀት ለሚገዛ ሰው የሚስማማው ከ125 እስከ 250 ሲሲ ያለው ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡን ይከፋፍሉ

ያለዎት ገንዘብ 100 ነው ብለን እናስብ። ለሞተር ሳይክሉ ከ70 በላይ አያውጡ። 15ቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚቀየሩት ዕቃዎች ይቀመጥ፤ እነሱም ጎማ፣ ካቴና፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይትና ማጣሪያ ናቸው። የቀረው 15 ለሄልሜት፣ ለጓንትና ቁርጭምጭሚትን ለሚሸፍን ጠንካራ ጫማ ነው። የስም ማዛወሪያና የኢንሹራንስ ወጪ ካለ ከ70ው ላይ ይቀነስ እንጂ የራስዎን መከላከያ አይንካ። ሌላው ሁሉ ያገለገለ ሊሆን ይችላል፤ ሄልሜት ግን አዲስ ይግዙ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ላዩ ምንም ሳይመስል ሊቀር ይችላል።

ከዚያ የሚሄዱበትን መንገድ በሐቀኝነት ያስቡ

ብዙ ሰው የሚመርጠው በዓመት አንዴ ሊሄድበት ለሚመኘው ተራራ ነው። ይልቅ በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ ያስቡ። ባለ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያለ ጭንቀት ይሄዳል፤ 100 ላይ ለረጅም ሰዓት ማቆየት ግን ሞተሩንም ነጂውንም ያደክማል። ኑሮዎ በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ ይህ ዓይነት ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንብዎታል። መንገድዎ ከተማ፣ ጥርጊያና ጭቃ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ አይጨነቁ፤ የሚያስጨንቀው ክብደቱ ነው። ኮረኮንች ላይ ሁሉም ሰው ይወድቃል። ከወደቁ በኋላ ብቻዎን፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው ማንሳት የሚችሉትን ይምረጡ። ያማሃ ቲደብሊው 200 ወደ 126 ኪሎ ግራም፣ ኤክስቲ 250 ደግሞ ወደ 132 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ለእኔ ከ140 ያለፈ ሁሉ ለጀማሪ ከባድ ነው።

የኮርቻ ከፍታም እንዲሁ በወረቀት ላይ ብቻ አይፈረድበትም። የቲደብሊው 200 ኮርቻ ከመሬት 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የኤክስቲ 250 ወደ 83፣ የሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል ከ87 በላይ ነው። ሲቀመጡበት ሞላው ስለሚሰጥም ቁጥሩ ይቀንሳል። በሁለቱም እግር ተረከዝ መርገጥ ግዴታ አይደለም፤ የአንዱ እግርዎ የፊት መዳፍ መሬቱን በደንብ ከያዘ ይበቃል። ቁመትዎ አጠር ያለ ከሆነ ቲደብሊው 200ን ሳያዩ አይለፉ። ወፍራም ጎማው አሸዋና ጭቃ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጀማሪ የሚሰጠው መተማመን ትልቅ ነው።

ሞዴሉን ከመምረጥ በፊት መለዋወጫ ቤት ይሂዱ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ዐይንዎ ያረፈበትን ሞዴል ስም ይዘው ሦስት መለዋወጫ ቤቶች ይግቡና አራት ነገር ይጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካቴናው ከነጥርሳም ብረቶቹ፣ የፍሬን ሸራ። ዋጋቸውንም ይጻፉ። ከሦስቱ ሁለቱ «የለም» ወይም «እናስመጣልዎታለን» ካሉ ሞተር ሳይክሉ የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። የሁለት ብር ገመድ ሲበጠስ አንድ ወር የሚያስቆም ንብረት ርካሽ አይባልም።

ለጠባብ በጀት የሚበጀው በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ የቫልቭ (አየርና ነዳጅ የሚያስገባው፣ ጭስ የሚያስወጣው በር) ክፍተቱ በካቻቢቴና በቁልፍ የሚስተካከል ሞተር ነው። ራዲያተር ከሌለው ድንጋይ የሚበሳው ራዲያተር የለም ማለት ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲጂ 125 ለዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥገና ለማይዘወተርባቸው አገሮች ታስቦ ቫልቮቹ በዘንግ እንዲገፉ ተደረገ፤ ሞተሩም ብዙ ፋብሪካዎች እስኪቀዱት ድረስ ተዛመተ። ዛሬም በብዙ ርካሽ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ የዚያ ሞተር ዘር አለ፤ ማንኛውም መካኒክ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ወይስ በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ? ካርቡሬተር ለወራት ከቆመ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከፍታ ቦታ ላይም ነዳጅ ስለሚበዛበት ይታፈናል፤ ግን መንገድ ዳር ተፈቶ ይጸዳል። ሁለተኛው በብርድም በከፍታም በደንብ ይነሳል፤ የነዳጅ ፓምፑ ሲበላሽ ግን በቁልፍና በጨርቅ የሚፈታ ነገር የለም። ገንዘብ ሲያጥር እኔ ካርቡሬተሩን እመርጣለሁ።

ከአሮጌዎቹ ያማሃ ሴሮው (እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተሠራ)፣ ኤክስቲ 225፣ ሱዙኪ ዲአር 200 እና ሆንዳ ኤክስአር 250 በጥንካሬ የተመሰገኑ ናቸው። ከአዳዲሶቹ ሆንዳ ኤክስአር 150ኤል እና ሄሮ ኤክስፐልስ 200 ለትንሽ በጀት የቀረቡ ናቸው። ስሙ ባልታወቀ አዲስና በታወቀ አሮጌ መካከል ከተቸገሩ የመለዋወጫ ቤቶቹ መልስ ይወስን። እኔ ግን በደንብ የተያዘ የአሥር ዓመት ሞተር ሳይክል ካገኘሁ ወደዚያ አዘነብላለሁ።

ሊያዩት ሲሄዱ

ከመሄድዎ በፊት ሻጩን «እስክመጣ እንዳያስነሱት» ብለው ይለምኑት። ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥተው የእጅዎን ጀርባ ቀስ አድርገው ወደ ሲሊንደሩ ያስጠጉ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ለወዳጄ ልናይ ሄደን ሻጩ «ዛሬ አልተነዳም» ሲል የሲሊንደሩ ክንፎች ገና ይፋጁ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ስናስነሳው የሞተሩን ራስ በመዶሻ የሚመቱ የሚመስል ድምፅ ሰጠ። አመስግነን ተመለስን። የሞቀ ሞተር ችግሩን ይሸሽጋል፤ እውነቱን የሚናገረው የቀዘቀዘው ነው።

ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት እየባሰ ከሄደ የፒስተን ፋሻው፣ ነዳጁን ዘግተው ቁልቁለት ሲወርዱ ብቅ ካለ የቫልቭ ጎሚኒው ሳይሆን አይቀርም። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ስለሆነ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል። በማለዳ የሚታይ ስስ ነጭ ጭስ የውኃ ተን ነውና አያሳስብም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የዘይት መለኪያውን አውጥተው በጣትዎ ያሹት፤ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ብናኝ ወይም ወተት የመሰለ ቀለም ካዩ ይመለሱ።

ቀጥሎ ወደ ካቴናው። የኋላው ጥርሳም ብረት በስተ መጨረሻ በኩል ካቴናውን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡ። ከጥርሱ ተላቆ ግማሹን የሚያሳይ ከሆነ አልቋል። ጥርሶቹም እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከጎበጡ ካቴናውና የፊትና የኋላ ጥርሳም ብረቶቹ ሦስቱም አብረው መቀየር አለባቸው፤ አዲስ ካቴና ከአሮጌ ጥርስ ጋር ቶሎ ያልቃል። የጽዳቱንም ነገር ልብ ይበሉ። ካቴናውን በዘይት የሚያለሰልስ ሰው ሌላውንም አይረሳም፤ የዛገ ካቴና ያለው ሞተር ሳይክል የሞተር ዘይቱም በጊዜው ስለመቀየሩ እጠራጠራለሁ።

አንድ ሰው ይያዝልዎትና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያዙሩ፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ጎማውን ወደ ጎን ቢያወዛውዙት መንቀሳቀስ የለበትም። የቸርኬውን ሽቦዎች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ይንኩ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ደንቆሮ ነው። አንድ ሁለት ቢላሉ ይጠብቃሉ፤ ቸርኬው ራሱ ከተጣመመ ግን ዋጋው ሌላ ነው። የፊቱን ሞላ ተጭነው ሲለቁ ብረቱ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጎሚኒው አልፎበታል፤ ይህ ለመደራደሪያ የሚሆን እንጂ የሚያስመልስ አይደለም።

የሚያስመልሰው የሻንሲ ስንጥቅ ነው። በመሪው አንገት ዙሪያና የእግር መርገጫዎቹ በተበየዱበት ቦታ ባትሪ እያበሩ ይፈትሹ። በአንድ በኩል ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ያንብቡ፦ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ይደርቅና ይንሸራተታል።

ሲነዱት በዝቅተኛ ፍጥነት ከፍተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ በደንብ ይስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እያንዳንዱን ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሞክሩ፤ ከገባ በኋላ በራሱ የሚወጣ ማርሽ ካለ ሞተሩ መከፈት አለበትና ወጪው ከባድ ነው። ቮልቲሜትር ካለዎት ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ገደማ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲዞር 14 ገደማ ቮልት ማሳየት አለበት።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። አንዲት አኃዝ ከተለየች ወይም ተፍቃ ከሆነ ምክንያቱን መስማትም አያስፈልግም፤ ይሂዱ።

ዋጋ ሲነጋገሩ

ጉድለቶቹን ከመለዋወጫ ቤት ከጻፉት ዋጋ ጋር አስተያይተው ይደምሩና ለሻጩ ያሳዩት። ንብረቱን አያጣጥሉ፤ ሰው የነዳውን ሞተር ሳይክል ይወዳል። «ካቴናና ጎማው ይህን ያህል ያስወጣኛል» ማለት ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ቤት ሲያደርሱት

ሻጩ «ትናንት ቀየርኩት» ቢልም ዘይቱን ይቀይሩ። የአየር ማጣሪያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ የማጣሪያ ዘይት ቀብተው ይመልሱ፤ ሞተር አቧራ የሚበላው በዚህ በኩል ነው። የቫልቭ ክፍተቱን ያስለኩ። የካቴናውን መላላት መመሪያው በሚለው ልክ ያድርጉ፤ በዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ከማላላት የበለጠ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ሞላው ሲሰጥም ካቴናው ይወጠራል። ዳገትና ጭቃ የሚበዛበት ከሆነ የፊቱን ጥርሳም ብረት በአንድ ጥርስ ያነሰ ያድርጉት፤ በትንሽ ገንዘብ የሞተሩን ጉልበት የጨመሩ ያህል ይሰማዎታል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ከ50 ኪሎ ሜትር አያስበልጡ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ ሲመለሱ ቡሎንና ዳዶዎቹን በሙሉ በቁልፍ ይዳስሱ፤ በተለይ የማርሚታውን፣ የኋላ ጎማውን ዘንግና የመስታወቶቹን። ኮርቻው ላይ በምትታሰር ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ካላማዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ መንፊያ፣ አንድ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ ይያዙ። ጎማውን አውልቆ መልሶ መግጠምንም ከቤትዎ ደጃፍ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ይለማመዱት።