ፖሊስ በካሜራ ቅጂ ወንጀልን እንዴት ይመረምራል?

ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ሌሊት አንድ ሱቅ ተሰበረ እንበል። ፊት ለፊቱ ያለው ሆቴል በሩ ላይ ካሜራ አለው። ከዚያ በኋላ ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው።

1. ቅጂው ሳይጠፋ መድረስ

መቅረጫው (ዲቪአር) ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይበላል። አራት ካሜራ ያለው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ገደማ ብቻ ይይዛል ማለት ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ የበለጠ ሊቆይ ይችላል፤ ጣና ዳር ግን በሌሊት በካሜራው መብራት ዙሪያ የሚርመሰመሰው ነፍሳትና ነፋስ የሚያወዛውዘው ዘንባባ ሳያቋርጥ እያስቀረጸ ዲስኩን ቶሎ ይሞላዋል። የሆቴሉ ባለቤት ፖሊስ እስኪመጣ የመቅረጫውን ሴቲንግ ባይነካካ ይመረጣል፤ በተለይ ሰዓቱን «ላስተካክል» ማለት የለበትም።

2. ሰዓቱን ማስታረቅ

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው የማሽኑን ስክሪንና ከኔትወርክ ሰዓት የሚወስድ ስልክ ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ ያነሳል። ስልኩ 10፡00 (በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት) ሲል ማሽኑ 15፡07 ቢያሳይ፣ ማሽኑ 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይቀድማል። አምስቱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲገጠም የቤይጂንግ ሰዓት ሳይቀየር ከመቅረቱ ነው፤ ሰባቱ ደቂቃ የተጠራቀመ ስህተት ነው።

አሁን ባለሱቁ «ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3፡20» ቢል፣ ያ በፈረንጅ ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ 21፡20 ነው። ልዩነቱ ሲደመርበት በማሽኑ የሚፈለገው ኦክቶበር 21፣ 02፡27 ይሆናል። ቀኑም ተቀየረ! ይህን ያላሰላ ሰው ባዶ መንገድ አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋና የማሽኑ ትንሿ ባትሪ ከሞተች ደግሞ ሰዓቱ ወደ 2000 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ) ሊመለስ ይችላል። እንዲያ ሲሆን ልዩነቱን ለማውጣት ሰዓቱ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ መብራቱ ተመልሶ የመጣበት ጊዜ፣ ይፈለጋል።

3. መገልበጥ

ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ጥራቱን ይገድላል። ቅጂው ከእነማጫወቻው፣ ማሽኑ በሚያወጣው ፎርማት ወደ ፍላሽ ይወጣል፤ ብዙ ማሽኖች የሚቀበሉት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ነው። ከክስተቱ በፊትና በኋላ ቢያንስ አንድ አንድ ሰዓት ይጨመር። ኮፒው ሁለት ይሁን፦ አንዱ ይታሸጋል፣ በሌላው ይሠራል። የፋይሉ ሻ-256 ቁጥር (ኮምፒውተር ከፋይሉ ይዘት የሚያሰላው፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር) ከርክክቡ ጋር ይጻፋል፤ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትነካ ቁጥሩ ስለሚለወጥ በኋላ ክርክር ያሳጥራል። ቅጂውን ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ተጠርጣሪውን ማስጠንቀቅ ነው፤ ምስክሮችም ፊቱን አስቀድመው ስላዩት የመለየት ቃላቸው ይደክማል።

4. መከታተል

እግረኛ በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቀጣዩ ካሜራ 400 ሜትር ቢርቅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ባለው አካባቢ ይፈለጋል። ወደ ጎንደር የወጣ መኪና ዓባይን በድልድይ መሻገር ስላለበት፣ በድልድዩ መዳረሻ ያሉ ቤቶች ካሜራ ቀድሞ ይጠየቃል። አመጣጡን ወደ ኋላ መከተል ከሽሽቱ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሌባ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ገና አልሸፈነም፣ ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጦ ቡናም ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

5. መለየት

የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያስፈልጋል። ባለ 1920 ፒክስል ካሜራ ይህን የሚያሟላው 7.7 ሜትር ስፋት ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉ አስፋልቱን የሚያሳይ ካሜራ ሰው ማለፉን እንጂ ማንነቱን አይነግርም። በሌሊት ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰማያዊ ባጃጅ ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንድ ጥቁር ጃኬት ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ አረማመድ፣ ቦርሳ፣ የባጃጁ የተቀደደ ሸራና ስቲከር ይመዘገባል። ከታርጋው ያልታየ ቁጥር በግምት አይሞላም፤ በጥያቄ ምልክት ይተውና በታዩት ቁጥሮች ከተሽከርካሪ መዝገቡ የሚገጥሙት ሁሉ ይወጣሉ።