እናት ደሴ፣ ልጅ ባሕር ማዶ፦ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮንን ከሩቅ ማስተባበር

«ደህና ነኝ፣ አብሽሩ፣ ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው» ትላለች የደሴ እናት በስልክ። ደሴ ጭጋግ አጥታ ስለማታውቅ እናንተም ሰምታችሁ ታልፉታላችሁ። ወሬው የሚወጣው በጎረቤት ነው። የመቶ ብርና የሁለት መቶ ብር ኖት መለየት አቅቷታል፣ ሰው የምታውቀው በድምፁ ነው፣ ደረጃ ስትወርድ በእግሯ እየዳበሰች ነው።

ይህን የሰማ ልጅ ወዲያው ገንዘብ ይልክና «ምርጡ ሌንስ ይደረግላት» ይላል። እኔ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ባይ ነኝ። ከሩቅ ሆናችሁ ትልቁ ሥራችሁ ሁለት ነው፦ ምርመራው በደንብ መሠራቱን ማረጋገጥና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ላለው አንድ ወር ሰው መመደብ። የሌንሱ ነገር በመሐል ይገባል።

መጀመሪያ ነገር፣ እውነት ሞራ ነው? ሰፈር ውስጥ የዓይን መፍዘዝ ሁሉ «ሞራ» ይባላል። ግላኮማ ግን የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሌላ በሽታ ነው፤ በእሱ የጠፋ እይታ ሞራ በማውጣት አይመለስም። ስኳር ካለባት ችግሩ በዓይኗ ውስጥ ከበስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲናው ላይ ሊሆን ይችላል። በትራኮማ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ከታጠፈም እሱ ቀድሞ መስተካከል አለበት። ስለዚህ አብሯት ለሚሄደው ሰው ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ላኩለት፦ የዓይኗ ግፊት ተለካ? ሬቲናዋ ታየ? ሞራው ከወጣ በኋላ ምን ያህል ታያለች ተብሎ ይጠበቃል? የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችም በሙሉ ፎቶ ያንሳ። አባታችሁ ከሆነ የሚታከመው፣ ለሽንት መቸገር የሚሰጠው ታምሱሎሲን የሚባል ኪኒን አለ። በኦፕራሲዮን ጊዜ የዓይንን ብሌን ያስቸግራልና ሐኪሙ ቀድሞ ይወቅ።

የት ትታከም? ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ቤተሰብም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መድረስ አይከብደውም። ብዙ ዳያስፖራ «አዲስ አበባ ትሂድ» ይላል፤ ሐኪሙ ሪፈር ካልጻፈ እኔ አልቸኩልም። ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፣ ዓይኗ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል። ክትትሉ ግን በማግስቱ አለ፣ በሳምንቱ አለ፣ በወሩም አለ። ለዚያ ሁሉ 400 ኪሎ ሜትር ማን ያመላልሳታል? የጤና መድን ደብተር ካላት ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋ ትጀምር።

«ገና አልበሰለም፣ ይቆይ» የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። ድሮ እንደዚያ ነበር። ዛሬ ኑሮዋን ካስቸገራት መታከም ትችላለች። እንዲያውም በጣም የቆየ ሞራ ይጠጥራል፣ አወጣጡ ይከብዳል፣ አንዳንዴም የዓይን ግፊት ያመጣል።

አሁን ወደ ሌንሱ። ሞራ ማለት የዓይን የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ይህን መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1949። በብዛት የሚገባው አንድ ርቀት ብቻ የሚያጠራው ሞኖፎካል ነው። ሩቁን ካጠራላት ለቅርብ መነጽር ታደርጋለች። መልቲፎካል ሩቅም ቅርብም ያሳያል፤ ግን ማታ መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ያመጣል፣ ንጽረቱንም ትንሽ ይቀንሳል። ሬቲናዋ ወይም ነርቧ ለተጎዳ ሰው አይመከርም። ቶሪክ የሚባለው አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን የፊት ቅስት እኩል ባለመሆኑ እይታ የሚዛባበት ችግር፣ ላለባት ነው። አወጣጡም ሁለት ዓይነት ነው፦ በእጅ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ስፌት፤ ወይም ፋኮ በሚባለው ማሽን፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተከፍቶ የሚታጠፍ ሌንስ ይገባል። በፋኮ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፤ ለጠጠረ ሞራ ግን በእጅ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ውድ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ።

ከሌንሱ ስም ይልቅ ቁጥሩ ይበልጣል። ቁጥሩ የሚወጣው ባዮሜትሪ በሚባል ልኬት ነው፤ የዓይኗ ርዝመትና የፊት ለፊቱ ቅስት ይለካል። ርዝመቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስህተት ወደ 3 ዲዮፕተር (የሌንስ ቁጥር መለኪያ ነው) ገደማ ያዛባል፣ ወፍራም መነጽር ማለት ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ሲመርጥ ደግሞ ውሎዋን ይወቅ፦ ዳዊት ትደግማለች ወይ፣ ቁርኣን ትቀራለች ወይ፣ ጥጥ ትፈትላለች ወይ፣ ወይስ ውጭ ውጭ ትላለች? ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ የሌንሱ እሽግ ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ፎቶ አስነሱ። የሌንሱ ዓይነት፣ ቁጥሩና መለያው እዚያ ላይ አለ። ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ ይፈለጋል።

ዋናው ድካም ከዚህ በኋላ ነው። ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ ነው፣ ለሳምንታት። ገንዘብ የምትልኩለት ወንድም ሳይሆን አብራት የምታድረው የእህት ልጅ ናት ማሠልጠን ያለባችሁ። በቪዲዮ ስትጨምር እዩዋት፦ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ትሳብ፣ የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ፣ በሁለት ዓይነት ጠብታ መሐል 5 ደቂቃ ትጠብቅ። ለመተኛ የሚሰጠው የዓይን መከለያም አይረሳ። እናታችሁ ምድጃ ሥር ጭስ ላይ አትቀመጥ፣ ዓይኗን አትሽ፣ ጠበል ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ሱጁድም ሆነ ስግደት መቼ መጀመር እንደምትችል ሐኪሙን ትጠይቅ፤ እስከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስገድ። ረመዳን ከሆነ ጠብታው ጾም ያፈርሳል ብላ እንዳትተወው ቀድማ ሼኋን ትጠይቅ፣ ወይም ኦፕራሲዮኑ ከጾሙ በኋላ ይሁን።

ዓይኗ በጣም ካመማት፣ ከቀላ፣ ያየችው መልሶ ከፈዘዘባት፣ «ነገ ይሻላታል» የለም። ያኔውኑ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን። ለባጃጅ የሚሆን ብር ቤት ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።

ከውጭ በሻንጣ የሚላክ የዓይን ጠብታ ይቅር። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከቆየ ግላኮማ ያመጣል። መነጽር መላክ ካማራችሁም ዓይኗ እስኪረጋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁና ተለክታ ይሁን። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ብላ ብትደውል አትደንግጡ። ሞራ ተመልሶ አይመጣም፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል። ምክንያቱ ያ መሆኑን ግን ሐኪሙ አይቶ ይንገራት፤ ሌዘሩ የት እንዳለም ከመሄዷ በፊት ደውላችሁ አጣሩ።