ታላቁ ሩጫ እሁድ፣ የእግር ህመሙ ማክሰኞ፦ ጡንቻን ሳይጎዱ መሮጥና ቶሎ ማገገም

ታላቁ ሩጫ እሁድ ጠዋት ያልቃል። እግር የሚያጉረመርመው ግን ሰኞ ማታና ማክሰኞ ነው። እሁድ ከሰዓት «ምንም አልሆንኩም እኮ» እያለ ሜዳሊያውን አጥልቆ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው፣ ማክሰኞ ከቢሮ ሲወጣ ደረጃውን በጎኑ ነው የሚወርደው። ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ለእሱ ነው። ጂም ገብቶ በመጀመሪያው ቀን መቶ ስኳት (ቁጢጥ ብድግ) ለሠራውም፣ ከወራት እረፍት በኋላ ኳስ ሜዳ ለወጣውም ግን ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ይሄ ህመም ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚፈጠረው የላክቲክ አሲድ ሥራ አይደለም። እስካሁን እንደዚያ የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ላክቴት (ላክቲክ አሲዱ ደም ውስጥ የሚይዘው መልክ) ግን ሩጫው ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ጥፋቱ የሱ ቢሆን ኖሮ የሚያመን እዚያው እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም ክሮቹ ላይ የሚደርስ፣ በዓይን የማይታይ ጉዳት ነው። ሰውነት ያንን ሊጠግን ሲነሳ ቦታው ይቆጣል፣ ትንሽ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ህመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ይበረታል፣ በአብዛኛው ሳምንት ሳይሞላ ይለቃል።

ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት የሚሸከመው መቼ ነው? ቁልቁለት ላይ። ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ልባችን ይመታል፣ እና ከባዱ ሥራ እሱ ይመስለናል። ጫፍ ስንደርስ «ተገላገልን» ብለን እንለቀዋለን። የፊት ጭናችን በየእርምጃው እንደ ፍሬን የሚይዘን ግን ያኔ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሩጫ የወረደ ሰው የምለውን ያውቃል።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ከሩጫ በኋላ የሚሸጡልንና የሚመከሩልን ነገሮች ሁሉ ቢደመሩ፣ ከሩጫው በፊት ባሉት ሳምንታት የሚሠራውን ትንሽ ዝግጅት ያህል አይጠቅሙም። ስለዚህ እዚያ ላይ ቆም ልበል።

ከሩጫው በፊት ባሉት ሳምንታት

ጡንቻ አንዴ የቀመሰውን ጫና ይለምዳል። ቁልቁለት አንድ ጊዜ ከወረዳችሁ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ብትደግሙት ህመሙ በጣም ያነሰ ነው። ይሄ ጥበቃ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ደስ የሚለው ደግሞ እሱን ለማግኘት መሰቃየት አያስፈልግም፤ የማያሳምም ትንሽ መጠን ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሩጫው 4 ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ረጋ ያለ ቁልቁለት ፈልጉ፣ የሚያንደረድር አይሁን። አንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ እየሮጣችሁ ውረዱ፣ በእግር እየተራመዳችሁ ተመለሱ፣ ይህንን አራት ወይም አምስት ጊዜ ድገሙት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስድስት ሰባት፣ ከዚያ ወደ ስምንት ከፍ አድርጉ። የመጨረሻው የቁልቁለት ቀን ከሩጫው ቢያንስ 8 ወይም 10 ቀን ይቅደም፣ አለዚያ የልምምዱን ህመም ይዛችሁ መነሻው ላይ ትቆማላችሁ። ስትወርዱ እርምጃችሁ አጠር፣ ፈጠን ይበል። ወደ ኋላ ተንጋሎ ተረከዝን እየተከሉ መውረድ ጭንንም ጉልበትንም ይቀጣል።

አካባቢያችሁ ሜዳ ከሆነ ደረጃ ይተካዋል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ሰዎች ነፃ ጂም አላችሁ ማለት ነው (ጤፍ ተሸክማችሁ ስትወጡ ባይመስላችሁም)። መውጣቱን እንደፈለጋችሁ ውጡት። ቁም ነገሩ አወራረዱ ላይ ነው፦ በየደረጃው ሁለት ሰከንድ ያህል እየወሰዳችሁ፣ ክብደታችሁን በአንድ እግር ይዛችሁ በቀስታ። ለመጀመሪያ ቀን ሁለት ሦስት ምልልስ በቂ ነው።

ጂም የምትሠሩ ደግሞ ስኳትና ላንጅ (አንድ እግር ወደ ፊት አውጥቶ ዝቅ ማለት) ላይ ለመውረድ ብቻ ሦስት ሰከንድ ውሰዱ፣ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ ስምንት። ማንኛውም አዲስ እንቅስቃሴ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ክብደትና አንድ ወይም ሁለት ዙር ይሁን፣ «ገና እችል ነበር» እያላችሁ ውጡ። ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን ራሱን መሸከም እስኪያቅተው የሚያሠራ አሰልጣኝ ጎበዝ አይደለም፣ ግድየለሽ ነው። ለምን እንዲህ አምርሬ እንደምናገር ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

የሩጫው ዕለት

መጨረሻውን መስመር ስታልፉ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። ውሃን በተመለከተ፣ ሚዛን ካላችሁ ከሩጫው በፊትና በኋላ ተመዘኑ፦ ለቀነሳችሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በሚቀጥሉት ሰዓታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፣ ጨው ካለው ምግብ ጋር። ሚዛን ከሌለ ጥማታችሁን ተከተሉ። «ብዙ ውሃ ጠጣ» ተብሎ በግድ ሊትር በሊትር ላይ መደረብ የደም ጨው መጠንን አውርዶ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ከሩጫው በኋላ ድራፍት የሚለውን ባህል አውቀዋለሁ። አንድ ብርጭቆ ዓለምን አያፈርስም። ችግሩ አንድ ላይ የማይቆመው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከከባድ ልምምድ በኋላ ብዙ አልኮል የጠጡ ወንዶችን ተመልክቶ፣ ፕሮቲን አብረው ወስደው እንኳ ጡንቻቸው ራሱን የሚገነባበት ፍጥነት በሩብ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል። በዚያ ላይ እንቅልፍን ይረብሻል።

ጾም ሲሆንስ?

እዚህ ጋ የኛ ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ሩጫው አብዛኛውን ጊዜ ህዳር ላይ ነው፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ህዳር 15 ይገባል፤ ማገገሚያው ሳምንት ከጾሙ መግቢያ ጋር ሊገጥም ይችላል። ረቡዕና ዓርብም አለ።

ጠንክሮ ለሚሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል፣ 60 ኪሎ ከሆናችሁ 96 ግራም አካባቢ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከመውሰድ በየማዕዱ ከ20 እስከ 40 ግራም እየከፋፈሉ መብላት ይሻላል። ፍስክ ሲሆን ቀላል ነው፦ እንቁላል አንዱ 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ ከዚያ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አይብ።

ጾም ላይ የምንሸወደው በሽሮ ነው። የሽምብራ ዱቄት በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው «ሽሮ በልቻለሁ፣ በቃኝ» እንላለን። ግን ሳህናችን ላይ ካለው ሽሮ ብዙው ውሃና ዘይት ነው። የአንድ ሰው ድርሻ ውስጥ የገባው ዱቄት 40 ግራም ቢሆን ያገኛችሁት 8 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ሽሮው ወፈር ይበል፣ ከጎኑም ምስር ወይም ክክ ይጨመር (100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው)። ከኦቾሎኒ ጋር የተደባለቀ የሽምብራ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይያዝ፤ ኦቾሎኒ በ100 ግራም 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። የሽምብራ አሳም አሪፍ ነው። እውነተኛውን ዓሣ በተመለከተ፣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። ጥራጥሬው ከእንጀራው ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ፣ «የጾም ፕሮቲን ጥራት የለውም» የሚለው ወሬ አያስጨንቃችሁ።

ጉልበት ለመመለስ ደግሞ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። በሶ በማር ጨጓራ ምግብ አልቀበል ሲል ጥሩ መውጫ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጉት፣ ሠርታችሁ ወዲያው እንድትበሉ። ረመዳን ላይ ደግሞ ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለውን፣ ከበድ ያለውን ካፈጠራችሁ በኋላ። የፕሮቲን ዱቄት የሚያስፈልገው በምግብ መሙላት ላልቻለ ሰው ነው፤ ለሌላው ውድ የሆነ ወተት ነው።

እንቅልፍ፦ ከ7 እስከ 9 ሰዓት። ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት ማንም አልሸጠም። ቡና ላይ ብቻ ላስጠንቅቃችሁ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ አለ። በዚያ ሳምንት ቶናና በረካው ይቅርባችሁ።

በረዶ፣ መታሸት፣ ስቲም፣ ኪኒን

ቀዝቃዛ ውሃ ህመሙን በመጠኑ ይቀንሳል፦ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። አዲስ አበባ ህዳር ጠዋት ላይ ውጭ ያደረ የበርሜል ውሃ ብዙም በረዶ አይፈልግም። ጡንቻ ለማሳደግ ክብደት የምታነሱ ግን ከየልምምዱ በኋላ አታዘውትሩት፣ የጡንቻውን ዕድገት ይቀንሳል። መታሸትም ያስታግሳል፣ ለስለስ ካለ። የታመመ ጡንቻን አጥንት እስኪሰማ የሚጨምቅ ወጌሻ ጉዳት ላይ ጉዳት ነው የሚጨምረው። ስቲም ደስ ይላል፣ ያፍታታል፣ ግን ውሃ ሳትተኩ በሩጫው ዕለት ከገባችሁ ራስ ያዞራል። ስትሬች? ከፈለጋችሁ ሥሩ። ለዚህ ህመም የሚያመጣው ለውጥ ግን ከቁጥር አይገባም።

ኪኒኑ ላይ ጠንከር ልበል። ከሩጫ በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ መጥፎ ልማድ ነው። ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊትን ይጫናል፣ ጨጓራን ይልጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚካሄድ የ160 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ የተጠኑ ሯጮች አይቡፕሮፌን ወስደውም ካልወሰዱት ያነሰ ህመም አልተሰማቸውም። በጣም ካስቸገራችሁ ከሩጫው በኋላ ፓራሲታሞል፣ በታዘዘው መጠን፣ ያውም ከአልኮል ጋር ሳይሆን።

አሁን ወደ ግድየለሹ አሰልጣኝ ልመለስ። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ፈስሶ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ይበልጥ የሚያጋጥመው ሳይለምድ በአንድ ቀን ብዙ የሠራ ሰውን ነው። ሙቀት ያባብሰዋል፣ ስለዚህ በአረብ አገር የሙቀት ወራት ውጭ የምትሠሩና የምትሮጡ በተለይ ተጠንቀቁ። ምልክቱ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ሲጠቁር፣ ጡንቻው በጣም ሲያብጥና ሲጠጥር፣ እጅ ወይም እግር አልታዘዝ ሲል ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ምን ያህል እንደሠራችሁና ምን ኪኒን እንደወሰዳችሁ ተናገሩ፣ የሲኬ (CK፣ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የኩላሊት ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ።

ከሰኞ በኋላ

ሰኞና ማክሰኞ አልጋ ላይ አትዋሉ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መራመድ፣ ሳይክል በቀላሉ መምታት ወይም መዋኘት ህመሙን ለጊዜው ያላላዋል። ስታቆሙ ይመለሳል፣ ጉዳት ግን አይጨምርም። ልብ በሉ፣ በነዚህ ቀናት ጡንቻው ማመሙ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም ቀንሷል፣ ስለዚህ ኳስ፣ ፍጥነት ሩጫና ከባድ ክብደት ይቆይ። መለኪያችሁ ደረጃ ይሁን፦ ሳትደገፉና ሳትሸማቀቁ ከወረዳችሁ ቀለል ያለ ሩጫ መጀመር ትችላላችሁ።

ሁለቱም እግር ላይ ተሰራጭቶ የሚያም ህመም የተለመደው ነው። አንድ እግር ላይ፣ በጣት የምትጠቁሙት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሲሮጡ ቀጭ ያለ ነገር ከነበረ፣ ከበለዘ ወይም ሳምንት አልፎት ካልለቀቀ ግን ጉዳት ነውና ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ፣ ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ያችን አጭር ቁልቁለት አንድ ቀን ድገሟት፣ አራት አምስት ጊዜ ብቻ። ከዚያ በየሦስት አራት ሳምንቱ። በስቃይ የተገኘው ጥበቃ እንዳይጠፋ ይሄ ይበቃል።