የቅኝት መረጃ ድንበር ሲሻገር፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ተቀምጬ በበሽታ ቅኝት፣ ማለትም የትኛው በሽታ የት እንደታየ በመከታተል ሥራ፣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ከጤና ኬላ ተነስቶ፣ ወረዳና ዞን አልፎ የመጣ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያም አንዳንዱ ለዓለም ጤና ድርጅትና ለጎረቤት አገሮች ይደርሳል። ለአዲስ ጀማሪዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ የጻፋችሁትን መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ ደውሎም አይጠይቃችሁም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ቀን ጽፎ አቆጣጠሩን አለመግለጽ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። ስንት ጊዜ እንዳቃጠለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በ2015 ክረምት ማብቂያ የኮሌራ ሕመምተኞች ዝርዝር፣ ላይን ሊስት የምንለው፣ ለውጭ ባልደረቦች ተላከ። ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የአንዱ ሕመምተኛ ሕመም የጀመረበት ቀን 04/13/2015 ይላል። ጳጉሜን 4 ማለት ነው። የሌላው 03/01/2016፤ መስከረም 3። በመካከላቸው ያለው አምስት ቀን ነው። ፋይሉ የተከፈተበት ኮምፒውተር ግን ወርን የሚያነበው ከፊት ነው። ጳጉሜን 4ን ኤፕሪል 13 ቀን 2015፣ መስከረም 3ን ደግሞ ማርች 1 ቀን 2016 አደረጋቸው። አምስት ቀን የነበረው ከአሥር ወር በላይ ሆነ። ግራፉ ተሠርቶ ሲመለስልን ሁለት ወረርሽኝ ይታይበታል፤ ሁለቱም ከዓመታት በፊት ያለቁ። ሰዎቹ ግን ያኔ ገና ግሉኮስ ተሰክቶላቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ለውጭ በሚሄድ ዝርዝር ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ እ.ኤ.አ.። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» እያላችሁ በጣት አትቁጠሩ፤ ካላንደር ክፈቱ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት ግን 12 ላይ ይውላል። የ2016 ዘመን መለወጫ እንዲያ ነበር። አንድ ቀን ምን ያመጣል እንዳትሉ። ኮሌራ ከያዘው ሰው ላይ ምልክቱ የሚታየው ከሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቀን ስትሳሳቱ ሰውየው ውሃውን የጠጣበት ቦታ ከእጃችሁ ያመልጣል።

ሰዓትም ያው ነው። «ናሙና የተወሰደው 3 ሰዓት» ካላችሁ፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ነው የሚረዳው።

ባዶ ሳጥን

ባዶ ሳጥን «በሽታ የለም» አይልም፤ «ሪፖርት አልመጣም» ነው የሚለው። ምንም ካልተገኘ 0 ጻፉ።

«መተማ» ብሎ ማለፍ

የመተማ ወረዳ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ነው። ድንበሩ ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ናት፤ ከማዶዋ የሱዳን ገላባት አለች። ገላባት ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። «መተማ» ብቻ ብላችሁ ስትልኩለት ዛሬ ይነሳ ወይስ ይቆይ፣ አያውቅም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰው የሚኖርበትን ጠይቆ የቆየበትን አለመጠየቅ ነው። ከጎጃም ደጋ ተነስቶ በባሕር ዳር በኩል ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውን ወጣት አስቡት። ወባ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። አድራሻውን ብቻ ከመዘገብን ወባው ደጋ ላይ የተነሳ ይመስላል።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ ሊቦ ከምከም ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል። በ1997 ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ እዚያ ሰው ሲጨርስ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር የቆላ፣ የሁመራና የመተማ በሽታ ተደርጎ ስለሚታይ በዚያ አካባቢ የጠበቀው አልነበረም። ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታመናል። የት ሠርተው እንደመጡ ቶሎ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

እኔም ጋ ደርሷል። ጣና ላይ ካለው ደቅ ደሴት በጀልባ የመጣች እናት አድራሻዋ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ተብሎ ተመዘገበ። ለካ ያረፈችበት የአክስቷ ቤት ነው። ቡድናችን ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ውሃ ሲመረምር ዋለ፤ ደሴቱን ያሰበው የለም። ስለዚህ «የት ትኖሪያለሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ሰሞኑን የት የት ቆየሽ?» በሉ። ጠበልም ጠይቁ። በ2015 ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ኮሌራ ሲገባ ጠበልተኛው ከየአቅጣጫው የመጣ ነበር።

ላቦራቶሪ እስኪያረጋግጥ መጠበቅ

«ውጤቱ ይምጣና እናሳውቃለን» የሚለውን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ እንዲህ አይልም። አንድ አገር አስቸኳይ ክስተት ሲደርሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ይገመግማል። ዓለምን የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል ካለ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳውቃል። የተጠረጠረውን የተጠረጠረ፣ የተረጋገጠውን የተረጋገጠ ብላችሁ በየዓምዱ ለዩና ላኩ። ሁለቱን ግን በአንድ ድምር አትቀላቅሉ። ላቦራቶሪው ኮሌራ ካለ ደግሞ «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ብላችሁ አትተዉት፤ ጎረቤቱ ኮሌራ መሆኑን ከዚያ ቃል አያውቅም።

ፈርቶ መደበቅ

ይህን ስህተት የሚሠራውን ሰው አልኮንነውም፤ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ደቡብ አፍሪካ አዲሱን የኮሮና ዝርያ፣ በኋላ ኦሚክሮን የተባለውን፣ አግኝታ ወዲያው ለዓለም ተናገረች። በቀናት ውስጥ ብዙ አገሮች በረራ ዘጉባት። እዚህም «ቱሪስት ይቀራል፣ ገበያ ይዘጋል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ስህተቱን ከሁለቱም ወገን ነው የማየው። የተናገረን የሚቀጣ አገር፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግረው ያጣል። የደበቀው ደግሞ በሽታው መተማን ተሻግሮ ከማዶ ሲነገርበት የሚያምነው ያጣል።

ስም በቴሌግራም

የሕመምተኛ ስምና ስልክ ያለበትን ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ አትልኩ። እኔ በችኮላ አድርጌዋለሁ። የላክሁትን ላጠፋው ስሞክር ስንት ስልክ ላይ እንደወረደ ማወቅ አልቻልኩም። ለጎረቤት አገር መለያ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቦታና ቀን ይበቃል። ስሙ እዚሁ መዝገብ ላይ ይቅር።

ለላከው ሰው መልስ አለመስጠት

ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሪፖርቷን ለማድረስ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣለች። አንዷን ለክትትል ሄጄ አገኘኋት። መዝገቧ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ የላከችበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል። ቡና ካቀረበችልኝ በኋላ «ጋሼ፣ ያ በሐምሌ የላክሁት መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ። ከእሷ ሪፖርት ተነስቶ አንድ ወረርሽኝ ተይዟል፤ ቁጥሩም ከአገር ውጪ ሄዷል። ለእሷ ግን አንድም ሰው አልነገራትም። እኔም ጭምር።

ያን ዕለት ሁሉንም አጫወትኳት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ጥርጣሬ ለላኩ ኬላዎች አንድ በአንድ እደውላለሁ።