የራዲያተር ፋን አልዞር ሲል፦ ሶኬቱን ብቻ ቀይረህ አትሸኝ

ፊውዝ፣ ባትሪና የውሃ መጠን አይተህ ጨርሰሃል ብዬ ነው የምጀምረው።

ጥፋቱ በእርግጥ የፋኑ ነው?
መኪናው ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሲመጣ የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ቆይቶ፣ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ሰልፍ ላይ ወይም ቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ሲገባ ከወጣ ፋኑን ጠርጥር። ሲሮጥ የሚያቀዘቅዘው ንፋሱ ነው። እየሮጠ የሚሞቅ ከሆነ ግን ፋኑን ተወው፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ ቴርሞስታት ወይም የውሃ ፓምፕ ፈልግ።

ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል
የራዲያተሩን ክዳን እይ። በኛ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ክፍት ሆኖ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የብዙ መኪና ፋን የሚነሳው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ውሃው እስከዚያ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው (0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፎበታል)። ላስቲኩ ደርቆ ከሆነ ጤነኛ ፋን እየወነጀልክ ነው። ትኩስ እያለ አትክፈተው!

ኤሲ ሲበራ ይዞራል፣ ሲሞቅ አይዞርም
የፋኑ ሞተር ደህና ነው። የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ንቀል፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፋኑ ወዲያው ይነሳል። ከተነሳ ሴንሰሩን ቀይር።

አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል፤ ሶኬቱም ቀልጧል
ገላን ላይ በብዛት የሚመጣብኝ ይሄኛው ነው። ፋኑ ጠዋት ይሰራል፣ ከሰዓት ይቆማል፣ በመፍቻ እጀታ መታ ሲያደርጉት ይነሳል። ኮፈኑን ስትከፍት የሶኬቱ አንድ ቀዳዳ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸትሃል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሶኬቱን ቆርጦ፣ ገመዱን ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ይሸኛል።

ሶኬቱን ያቀለጠው ግን የፋኑ ሞተር ነው። ካርቦኑ (ብራሹ) ያለቀ ሞተር አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል፤ ኩሽኔቱ የደረቀ ደግሞ ለመዞር ብዙ አምፔር ይስባል። ያ ሁሉ በቀጭኗ ፒን ሲያልፍ ፒኗ ትግላለች፣ ትላላለች፤ ስትላላ ደግሞ ይብስባታል። አቧራው አንድ ነገር ነው፤ ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ፋኑን የሚደበድቡት ግን ምን እንደሚያስቡ አላውቅም።

አንድ ቪትዝ ሶኬት በየጊዜው ሲቀየርለት ኖሮ እኔ ጋ መጣ። ፊውዙ ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዟል። «ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ ነው» አለኝ ባለቤቱ። የሪሌው ሳጥን ከስሩ ቀልጦ ነበር። ሌላ ኮሮላ ላይ የፋኑ መስመር በስፒከር ገመድ ተቀጥሎ አግኝቻለሁ፤ የቀጠለው ሰው ገንዘብ ተቀብሎበታል።

እንዲህ መርምር። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ፤ የመኪናው ሞተር ጠፍቶም ፋን በራሱ ይነሳል፣ ጣት አይምርም። ምላጩን በእጅህ አዙረህ ልቀቀው። ወዲያው ቀጥ ካለ፣ ከተንኮሻኮሸ ወይም ዘንጉ ከተወዛወዘ ሞተሩ አልቋል። ባትሪውን መልሰህ ፋኑ እንደተሰካ፣ እየዞረ ወይም መዞር እያቃተው፣ ከሶኬቱ ጀርባ ቮልት ለካ። በመፈተሻ አምፖል አትመን፤ አምፖል በተቃጠለ ፒንም ይበራል። ባትሪው ላይ 12.5 እያለ እዚህ 9 ወይም 10 ካገኘህ ቀሪው መንገድ ላይ እየተቃጠለ ነው። ነጌቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረበትንም ፍቀህ እሰር፣ ዝገት ይወደዋል።

መፍትሄው ሞተሩንና ሶኬቱን አብሮ መቀየር ነው። ሶኬቱን ከነገመዱ ግዛ፣ ገመዱም ከፋብሪካው አይቅጠን። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ስትገዛ ሻጩ ባትሪ ላይ ነካ አድርጎ «ይኸው!» ይልሃል። ለሁለት ሰከንድ የማይዞር የለም። አምስት ደቂቃ አስነሳውና ቆርቆሮውን ዳስስ፤ እጅ ካቃጠለ መልስለት። አዲስ ተብሎ በካርቶን የሚሸጠው ርካሹ ደግሞ አንዳንዱ ካርቦኑ ክረምት አይሻገርም።

ይዞራል፣ ግን አያቀዘቅዝም
አልፎ አልፎ ሁለቱ ገመድ ተገልብጦ ንፋሱን ወደ ፊት ይገፋል። ራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዝ፤ ካልተሳበ ገልብጠው።

«ዳይሬክት አድርግልኝ፣ ማብሪያ ግጠምልኝ»
አልገጥምም። ማብሪያውን ረስቶ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) የተጣመመበት ሰው ስንቱ ነው። ሌላ ሰው የገጠመው ከመጣልህ ገመዱን ከባትሪው ጀምረህ ተከተል፤ መሃል ላይ ፊውዝ ከሌለ ፊውዝ ሳታስገባ ከጋራዥ አታስወጣው።