እንግሊዝኛን በኮርሱ ውስጥ መማር፦ ለአዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

አዲስ ተማሪ ግቢ ሲገባ ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ ቶሎ የሚሰማው የቋንቋው ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሯል፤ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላም፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት፣ የሒሳቡም የፊዚክሱም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነበር። ይሁንና በብዙ ትምህርት ቤቶች መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ማብራሪያው የሚሰጠው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ስለሆነ፣ ተማሪው እንግሊዝኛን በዐይኑ እንጂ በጆሮውና በአንደበቱ ሳይለምደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው። ከዚያ በኋላ ሌክቸሩ ይፈጥንበታል፣ ሃንዳውቱ ይበዛበታል፣ ፕሬዘንቴሽኑ ያስፈራዋል።

ብዙዎች መፍትሔውን የሚፈልጉት ከትምህርታቸው ውጭ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ይገዛሉ፣ «በአንድ ወር እንግሊዝኛ ይናገሩ» ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ሚድ ሲደርስ ሁሉንም ይተዉታል። ስሌቱን ግን በጥሞና መሥራት ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ከሚሰጡት የጋራ ኮርሶች መካከል የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርሶች ሁለት ናቸው። ሦስት ክሬዲት የሚይዝ አንድ ኮርስ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ የሚያገኘው የክፍል ጊዜ 48 ሰዓት ያህል ነው፤ በበዓልና በፈተና የሚባክነው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ጊዜ ቋንቋ አይያዝም። በሌላ በኩል ሳይኮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ሒሳቡና ሎጂኩ ሁሉ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው በየሳምንቱ ከ15 ሰዓት በላይ ወድዶም ሆነ ተገድዶ በእንግሊዝኛ ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ለቋንቋው የተለየ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ፣ የግድ የምታነቡትን ሃንዳውትና የግድ የምትሰሙትን ሌክቸር የእንግሊዝኛ መማሪያ ማድረግ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ከሃንዳውቱ የሚወሰዱት ቃላት

በአንድ ሃንዳውት ገጽ ላይ የማታውቋቸው ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የሙያ ቃላት ናቸው፤ በባዮሎጂ ኦስሞሲስ፣ በኢኮኖሚክስ ኢላስቲሲቲ፣ በሎጂክ ፋላሲ የሚሉት ዓይነት። እነዚህን መምህሩ ራሱ ያብራራቸዋል፣ ሃንዳውቱም ትርጉማቸውን ይሰጣል፣ በፈተና ላይም ስለሚመጡ ማንም አይረሳቸውም። ሁለተኛዎቹ ግን በየትኛውም ኮርስ ውስጥ የሚመላለሱ፣ ነገር ግን ማንም ቆሞ የማያስረዳቸው ናቸው፤ አሱም፣ ኢምፕላይ፣ ዲራይቭ፣ ኮንስቲቱት፣ ሰብሲኩዌንት፣ ዌርአዝ የመሳሰሉት። መምህሩ ተማሪዎቹ ያውቋቸዋል ብሎ ያልፋቸዋል፤ ተማሪውም ጓደኛው የሚያውቃቸው ስለሚመስለው አይጠይቅም። ዐረፍተ ነገሩ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ላይ ነው።

የኒውዚላንድ የቋንቋ ምሁር አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን (ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላት ስብስቦችን) የያዘ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ወደ 10 በመቶ የሚጠጉትን ይሸፍናል። ዝርዝሩ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። በሳምንት 20 ያህሉን የያዘ ተማሪ በሁለት ሴሚስተር ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ከላይ ወደ ታች መሸምደዱን አልመክርም፤ ዝርዝሩን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ በሃንዳውታችሁ ውስጥ ያገኛችሁትን ቃል ብቻ ምልክት እያደረጋችሁ መመዝገቡ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ቃሉ ከምታውቁት ትምህርት ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ለማስታወስ ይቀላል።

አመዘጋገቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ ተደርጎ የሚጻፈው የተለመደ ደብተር ግማሹን እውቀት ያስቀራል። ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ከተገኘበት ዐረፍተ ነገር ጋር ጻፉት። ለምሳሌ «ሪዘልት» የሚለውን ቃል ውጤት ብሎ መዝግቦ ያለፈ ተማሪ፣ «ሪዘልት ኢን» እና «ሪዘልት ፍሮም» የሚሉትን በጽሑፍ ውስጥ ሲያገኝ ልዩነት የሌላቸው ይመስሉታል። የመጀመሪያው ወደሚያስከትለው ነገር ሲያመለክት ሁለተኛው ወደመጣበት ምክንያት ያመለክታል፤ መንስኤና ውጤት ተገለባበጡ ማለት ነው፤ በፈተና ደግሞ የሚጠየቀው ይኸው መንስኤና ውጤት ነው። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን አይነግራችሁም። ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁት እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ትርጉሙን በቀላል ቃላት ከመስጠታቸውም በላይ ከቃሉ ጋር የሚሄደውን መስተዋድድና ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ስለሚያሳዩ፣ በስልካችሁ ላይ አንዱን መጫን ይጠቅማል።

የተመዘገበ ቃል ካልተከለሰ ይጠፋል። በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ መለስ ብሎ ማየት በአንድ ሌሊት ሃምሳ ጊዜ ከመደጋገም ይበልጣል። አንኪ የተባለው የቃል መለማመጃ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን ሲሆን ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የዶርሙ ዋይፋይ ሲጠፋም አይቋረጥም፤ በወረቀት ቁራጭ መሥራትም ያው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈተና ቋንቋ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ውስጥ «ኤክሴፕት» (በስተቀር) እና «ሊስት ላይክሊ» (የመሆን ዕድሉ ከሁሉም ያነሰ) የሚሉትን ሳያስተውሉ በማለፍ የሚጠፋው ነጥብ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ትክክለኛውን ነገር መርጦ ይሳሳታል። በጽሑፍ ጥያቄም «ዲፋይን» ሲባል ትርጉም ብቻ፣ «ኮምፔር» ሲባል ማወዳደር፣ «ጀስቲፋይ» ሲባል ምክንያት ማቅረብ እንደሚጠበቅ ያላወቀ ተማሪ ለሁሉም የሸመደደውን አንድ አንቀጽ ይጽፋል። የቆዩ ፈተናዎችን ከሲኒየሮች ወስዳችሁ መልሱን ሳይሆን የጥያቄውን ግሥ ብቻ አስምሩ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውና ለማለፍ 50 በመቶ የሚጠይቀው የመውጫ ፈተና ለሚጠብቃቸው ተማሪዎች ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው ዓመት ያገለግላል።

ሌክቸር መስማት

ሌክቸር የሚያመልጠው ተማሪው ቃሉንም ሐሳቡንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ ስለሚታገል ነው። አንዱን ቀድሞ መጨረስ ይቻላል። ከሌክቸሩ በፊት ባለው ምሽት የሚቀጥለውን ርዕስ ለ20 ደቂቃ ያህል አንብቡ፤ ለመረዳት ሳይሆን ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹንና ተደጋጋሚ ቃላቱን ለመተዋወቅ ነው። ቃላቱን በዐይናችሁ ያያችኋቸው ከሆነ በማግሥቱ በጆሮ ሲመጡ ትለዩአቸዋላችሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉን ለመጻፍ አትሞክሩ፤ መምህሩ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚጠቀምባቸውን እንደ «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» (በሌላ በኩል) ያሉ አገላለጾች ጠብቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ያዙ። መምህሩ ወደ አማርኛ ሲያዘነብል ማስታወሻችሁን በእንግሊዝኛ መጻፋችሁን አታቋርጡ፤ ይህ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው። በዚያው ቀን ማታ፣ ማስታወሻውን ሳያዩ፣ የሰሙትን በአምስት ወይም በስድስት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ደግሞ የማዳመጥንም የመጻፍንም ልምምድ በአንድነት ይሰጣል።

ጆሮ ለማሠልጠን ፊልም ማየት የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ክፉ ምክር አይደለም፣ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ታይቶ የሚቀረው እንግሊዝኛ ጥቂት ነው። ጽሑፉ አብሮት የሚገኝ አጭር ድምፅ፣ ለምሳሌ ቢቢሲ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የስድስት ደቂቃ ፕሮግራም፣ አውርዳችሁ አንድ ደቂቃውን ብቻ እያቆማችሁ የሰማችሁትን ጻፉና ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። ያልሰማችኋቸው ቃላት አብዛኞቹ የምታውቋቸው ትንንሽ ቃላት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ፈጥነው ሲነገሩ ስለሚዋጡ ነው ያመለጧችሁ።

መናገርና ይሉኝታ

በመናገር ረገድ ዋናው እንቅፋት ሰዋስው አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ክፍል ውስጥ ሲሳሳቱ መሳቂያ መሆንን፣ ዶርም ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ጉረኛ መባልን የማይፈራ ተማሪ ጥቂት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራ» የሚባለው ስምምነትም ከሁለት ቀን አያልፍም፤ ስለ ካፌ ምግብና ስለ ኳስ በእንግሊዝኛ ማውራት ለሁሉም ሰው ሐሰት ይመስላልና።

ትምህርቱ ራሱ ግን በእንግሊዝኛ የመጣ ስለሆነ ስለ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ማውራት ማንንም አያሳፍርም። አራት ሆናችሁ የጥናት ቡድን አቋቁሙ፤ ከተቻለ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ ይሁን። በየተራ አንድ ሰው ከዕለቱ ርዕስ አንድ ነጥብ መርጦ ለአንዱ በአራት ደቂቃ፣ ያንኑ ነጥብ ለሌላው በሦስት፣ ከዚያም ለሦስተኛው በሁለት ደቂቃ ያስረዳ። በቋንቋ ማስተማር ሙያ የታወቀ ዘዴ ነው፤ አድማጩ ስለሚለወጥ ድግግሞሹ አያሰለችም፣ ጊዜው ስለሚያጥር ደግሞ ተናጋሪው ቃል ፍለጋ መቆሙን ትቶ ያለውን ቃል ይጠቀማል። ሕግ ሆኖ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሰው እየተናገረ አይታረምም። እርማት ካለ ከጨረሰ በኋላ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ይነገረው።

የቡድን ፕሬዘንቴሽን ሲሰጥ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝኛ የሚችለው አንዱ ይናገራል፣ የቀሩት ስላይድ ይሠራሉ፣ ወይም ዝም ብለው ከጎኑ ይቆማሉ። ውጤቱ ለሁሉም ይደርሳል፣ ልምምዱ ግን ከመጀመሪያውም ላልቸገረው ለአንዱ ብቻ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ስላይድ እኔ ልናገር ብላችሁ ያዙ። ሙሉውን አትሸምድዱ፤ የተሸመደደ ንግግር አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመክፈቻውን ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ በቃላችሁ ያዙና የቀረውን ከአጫጭር ነጥቦች ተናገሩ።

ስለ አነባነብ ብዙ አልልም። «ስኩል» በሚለው መጀመሪያ ላይ የሚገባው «እ»፣ ወይም አጭሩንና ረጅሙን «ኢ» አለመለየት በጊዜ የሚስተካከል ነው፤ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሰው ለመምሰል መድከም ግን ከንቱ ድካም ነው። ከዚህ ይልቅ የኮርሳችሁን ዋና ቃላት የቱ ክፍላቸው ጎላ ብሎ እንደሚነገር በመዝገበ ቃላቱ ድምፅ አረጋግጡ።

ጽሑፍ

ከአራቱ ክህሎቶች እጅግ የሚጎዳው መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም ሊሸሹት ይቻላል። አሳይንመንት ከኢንተርኔት ይገለበጣል፣ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል። ኋላ ግን የምረቃ ጥናት፣ የሥራ ማመልከቻና የፈተና ክፍሉ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይጠይቃሉ። መሣሪያውን አትንኩ ማለት ዛሬ የሚሠራ ምክር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ግን ይቻላል። በመጀመሪያ በራሳችሁ እንግሊዝኛ፣ ከነስሕተቱ፣ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ እንዲጽፍላችሁ ሳይሆን ስሕተቱን እያመለከተ ምክንያቱን እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ማስተካከያውን ግን በእጃችሁ አድርጉት።

የስሕተት መዝገብ ያዙ። የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተቶች የሚታወቁና ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይደጋገማሉ። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚያመለክት በእንግሊዝኛ «ኢት» የሚለው ይዘለላል። «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ነገር ግን» ብለን ስለምንቀጥል «ኦልዞው» እና «በት» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይገባሉ፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈልጋል። «ዘ» የሚለው ጠቋሚ አንድ ጊዜ ይረሳል፣ ሌላ ጊዜ ያለቦታው ይመጣል። ከሁሉም በላይ ግሡን እስከ መጨረሻ የምናቆየው ሰዎች ስለሆንን፣ በእንግሊዝኛም ባለቤቱንና ግሡን አራርቀን ዐረፍተ ነገሩን እናስረዝማለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባለቤቱንና ግሡን መጀመሪያ አቀራርቦ መጻፍ፣ ማብራሪያውን ከኋላ ማስከተል፣ ሁለት መስመር ያለፈውን ለሁለት መክፈል። አስረክቡ ከመባላችሁ በፊት ጽሑፉን ከመዝገባችሁ ስሕተቶች አንጻር አንድ ጊዜ፣ ለእነርሱ ብቻ፣ አንብቡት።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል አለ። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ስለ መኖሩ ሳይሰማ የሚመረቅ ተማሪ ግን አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ጠይቁና የጻፋችሁትን አንቀጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ «እንግሊዝኛ አስተምሩኝ» ብሎ ባዶ እጅ ከመሄድ፣ «ይህ አንቀጽ ለምን አይገባም?» ብሎ መጠየቅ ፈጣን መልስ ያስገኛል።

በሴሚስተሮቹ መካከል ያለው ዕረፍት ሲመጣም ከላይ ያለውን ሁሉ ለመቀጠል መሞከር አያስፈልግም፤ የቤት ሥራና የቤተሰብ ጉዳይ አለ። የሚቀጥለውን ሴሚስተር ኮርሶች ሃንዳውት ከሲኒየሮች በቴሌግራም አስልካችሁ፣ ከእያንዳንዱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡና የማታውቋቸውን ሁለተኛ ዓይነት ቃላት አስምራችሁ ተመለሱ።